ከሜሪላንድ ወደ ዳላስ፦ ቤት አፈላላጊዎቹ እንዴት ነበሩ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዳላስ ስንዛወር ቤት የፈለገልን አንድ የአፓርታማ አፈላላጊ ድርጅት ነው። ከእኛ ሳንቲም አልወሰዱም፤ ኮሚሽኑን የሚከፍለው አፓርታማው ነው። ለዚህም ይሆናል መጀመሪያ ያሳዩን ውድ ውዱን ብቻ። ዳላስ አጠገብ ያለችውን፣ የሐበሻ ሱቅ የማይጠፋባትን ጋርላንድን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እንጀራ ለመግዛት 40 ደቂቃ መንዳት አልፈልግማ! ቤት ያሳየችን የድርጅቱ ሠራተኛ ትሁት ናት፣ በቪዲዮ እየዞረች የቁም ሳጥኑን ውስጥ ሳይቀር አሳየችን፤ መኝታ ቤቱ መስኮት ስር ያለውን የቆሻሻ ገንዳ ግን ዘለለችው።  በጠቅላላው ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቻቸዋለሁ። ብቻ ሳትፈርሙ አንድ ቅዳሜ ማታ ሄዳችሁ ፓርኪንጉን እዩት።