ማውራት ይሻላል ወይስ ሰውነትን ማዳመጥ?

ድሬዳዋ ውስጥ የሥነ ልቦና ምክር እሰጣለሁ። ብዙ ሰው «በንግግር ነው የሚሻለኝ ወይስ በሰውነት?» ይለኛል።

የንግግሩ መንገድ የታወቀ ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመረው ሕክምና ሐሳብን ይፈትሻል። «ሁሉም ይጠላኛል» ያለ ሰው ማስረጃውን እንዲመረምር ያግዘዋል። ለጭንቀትና ለድባቴ በጥናት በደንብ ተፈትኗል።

ፒተር ሌቪንን የመሳሰሉት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ደግሞ ከሰውነት ይነሳሉ። «ምን አሰብሽ?» ሳይሆን «አሁን የት ላይ ይሰማሻል?» ብለው ይጠይቃሉ።

አንዲት እናት ነበሩ፤ የ1998ቱ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ቤታቸውን ወስዶባቸዋል። ታሪኩን ደጋግመው ነገሩኝ፣ እንባ ጠብ ሳይል። ሰማዩ ሲያጉረመርም ግን ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ይወጣል፣ የነጠላቸውን ጫፍ ጨምድደው ይይዛሉ። አንድ ቀን፣ «እማማ፣ እግርዎ ወለሉን ሲነካ ይሰማዎታል?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ረዘም አድርገው ተነፈሱ። እንዲህ ያለው አተነፋፈስ የልብ ምትን ያረጋጋል። ጣቶቻቸው ተፈቱ። ያኔ ነው ያለቀሱት።

የሰውነቱ መንገድ ማስረጃው ገና የንግግሩን ያህል አልጠነከረም፤ ይህን ለማንም አልደብቅም። ትኩረቱን ወደ ሰውነቱ ሲመልስ ይበልጥ የሚደነግጥም አለ። ለእሱ መቸኮል አያስፈልግም። ደረቱን የሚወጋው ካለም መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

ሐሳብ እንቅልፍ ለነሳው ሰው በንግግር እጀምራለሁ። አውርቶ አውርቶ ላልቀለለው ግን ከእግሩና ከትንፋሹ ብጀምር እመርጣለሁ። እማማም አሁን ሲያጉረመርም መጀመሪያ እግራቸውን መሬት ላይ ያደላድላሉ።