የካልካታ ዋንጫ በመሪፊልድ፦ ትኬቱን ከግቡ ጀርባ ይግዙ

ስኮትላንድና እንግሊዝ በስድስቱ አገራት የራግቢ ውድድር ለካልካታ ዋንጫ ኤድንብራ ላይ፣ በመሪፊልድ ስታዲየም የሚገናኙት በየሁለት ዓመቱ ነው። 2022 እና 2024 መሪፊልድ ነበር፤ በመሃል ያሉት ዓመታት የለንደኑ ትዊክንሃም ናቸው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። መቀመጫውን አበላሽቶ የመረጠ ሰው እንግዲህ ለማስተካከል ሁለት ዓመት ይጠብቃል። መሪፊልድ 67,144 ሰው ቢይዝም ለዚህ ግጥሚያ ጠባብ ነው። ብዙው ትኬት በራግቢ ክለቦችና በደጋፊ አባላት በኩል ያልቅና ለሕዝብ የሚተርፈው ትንሽ ይሆናል።

የተለመደው ምክር "ገንዘብ ካለህ የምዕራቡ ትሪቡን መሃል ተቀመጥ" የሚል ነው። ለሌላ ጨዋታ ትክክል ነው፤ የመስመሩ አሰላለፍ፣ የስክረሙ (ተጫዋቾች ተያይዘው የሚገፋፉበት) ግፊያ፣ ኳሱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘረጋ ከጎን ሆኖ ማየትን የመሰለ የለም። ለካልካታ ዋንጫ ግን ከሰሜኑ ወይም ከደቡቡ ግብ ጀርባ፣ ከፍ ካለው ረድፍ ይሻላል። አብዛኛውን ጊዜ በዋጋም ይቀላል። የእነዚህ ሁለት አገሮች ታሪክ ደጋግሞ የተወሰነው ከትራይ (ኳሱን ከግብ መስመሩ ባሻገር መሬት ከማስነካት) በኋላ በምትመታዋ አንዲት ኳስ ነውና።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ማርች 27 ቀን 1871 እዚያው ኤድንብራ ውስጥ በሬበርን ፕሌስ ሜዳ የዓለም የመጀመሪያው የአገራት ራግቢ ግጥሚያ ተደረገ፤ በየወገኑ 20 ሰው፣ እያንዳንዱ አጋማሽ 50 ደቂቃ። ትራይ ማለት ሙከራ ነው፤ ያኔ ኳሱን ከመስመሩ ባሻገር መሬት ማስነካት ግቡን ለመሞከር መብት ከመስጠት በቀር በራሱ አያሸንፍም ነበር። ስኮትላንድ ሁለት ትራይ አግኝታ አንዱን በምት አስቆጠረች። እንግሊዝ አንድ አገኘች፣ ምቷን ሳተች፣ ተሸነፈች። የስኮትላንድን የመጀመሪያ ትራይ እንግሊዞች አጥብቀው ተቃውመውት ነበር። ከዳኞቹ አንዱ የነበረው የሎሬቶ ትምህርት ቤት ኃላፊ አልመንድ ኋላ ላይ ሲያስታውሰው፣ ዳኛ ሲጠራጠር ይበልጥ በጮኸው ወገን ላይ ቢፈርድ እንደሚሻል ጽፏል፤ ጯኺው ጥፋተኛ ሳይሆን አይቀርም በሚል።

አሁን ወደ 2025 እንለፍ። ትዊክንሃም ላይ ስኮትላንድ ሦስት ትራይ፣ እንግሊዝ አንድ ብቻ አስቆጠሩ፤ ውጤቱ ግን እንግሊዝ 16 ለ 15። ትራይ ዛሬ 5 ነጥብ ነው፣ ተከታዩ ምት 2፣ የቅጣት ምት 3። የስኮትላንዱ መቺ ፊን ራስል ሦስቱንም ተከታይ ምቶች ሳተ፤ የመጨረሻው ቢገባ ኖሮ ጨዋታው የስኮትላንድ ነበር። ከ150 ዓመት በላይ አልፎም ያው ኳስ፣ ያው ጭንቀት።

ከግቡ ጀርባ የተቀመጠ ሰው የሚያየውን ከጎን ያለው አያይም። ቋሚዎቹ በ5.6 ሜትር ይራራቃሉ፣ አግዳሚው 3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ምቱ የሚመታው ትራዩ ከገባበት ነጥብ ትይዩ ስለሆነ፣ ጥግ ላይ የገባ ትራይ ጠባብ ማዕዘን ይተዋል። መቺው ኳሱን ወደኋላ ሲያርቅ ማዕዘኑ ይሰፋል፤ ርቀቱ ግን ይጨምራል፣ ነፋሱም ኳሱን የሚገፋበት ጊዜ ያገኛል። ይህን ሁሉ በ60 ሴኮንድ ውስጥ መወሰን አለበት። ከጎን ያለው ተመልካች ኳሷ ገባች ወይስ አልገባችም የሚለውን የሚያውቀው ከቋሚዎቹ ሥር ያሉት ሁለት ረዳት ዳኞች ባንዲራ ሲያነሱ ነው። የሣሩም ነገር አለ፦ 2013 ላይ ትል ሥሩን በልቶት ሜዳው ይቦጫጨቅ ነበር። በ2014 ሰው ሠራሽ ክር የተቀላቀለበት ሣር ከገባ ወዲህ መቺው የሚተክለው እግር እምብዛም አይከዳውም።

የዚህ መቀመጫ ጉድለት ግልጽ ነው። በሜዳውና በመጀመሪያው ረድፍ መካከል ሰፊ ክፍተት ስላለ ከታች ከተቀመጡ በወዲያኛው ግብ በኩል ያለው ጨዋታ የሰው ክምር ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዝቅተኛ ረድፍ ቢረክስም አይግዙ።

ጨዋታው ከመጀመሩ 15 ደቂቃ ቀድሞ መቀመጥ ግድ ነው። ብዙ እንግዳ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቢራ ሰልፍ ላይ እያለ መዝሙሩ ያመልጠዋል። የስኮትላንዶች መዝሙር "ፍላወር ኦቭ ስኮትላንድ" የ1314ቱን የባኖክበርን ድል ያነሳል፤ የተሸነፈው የእንግሊዝ ንጉሥ ነው። የመጀመሪያው አንጓ በባግፓይፕ (በከረጢት ዋሽንት) ይታጀባል፣ በሁለተኛው መሣሪያው ዝም ይልና ስታዲየሙ ብቻውን ይዘምራል። መዝሙሩ እዚህ የገባው በ1990 ነው። በዚያ ዓመት ማርች 17 ሁለቱም ሳይሸነፉ ለግራንድ ስላም (የውድድሩን ጨዋታ ሁሉ ለማሸነፍ ክብር) ተፋጠጡ። ለንደን ያለው መንግሥት የነፍስ ወከፍ ግብሩን ከእንግሊዝ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስኮትላንድ ላይ ጭኖ ነበርና ቁጣው ከኳስ ያለፈ ነበር። የስኮትላንድ አምበል ዴቪድ ሶል ቡድኑን በሩጫ ሳይሆን በዝግታ እያስረመደ ወደ ሜዳ አስገባ። 13 ለ 7 ስኮትላንድ። ከዚያ በኋላ የመጣ ድል ሁሉ፣ የ2024ቱን የዱሃን ቫን ደር መርቫ ሦስት ትራይ ጨምሮ፣ የሚለካው በዚያ ቀን ነው።

የደጋፊ መለያ አጥር የለም፤ ነጭ የለበሰው እንግሊዛዊ ከጎንዎ ይቀመጣል፣ ጠብም ብርቅ ነው። መቺው ሲዘጋጅ ዝም ማለት ልማድ ነው፤ ለእንግሊዙ መቺ ግን ሁልጊዜ አይከበርም፣ ይህም ለመሪፊልድ ነውር ነው።

ዋንጫውን በቅርብ አያለሁ ብሎ የሚገዛ ሰው ይከፋዋል። ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከላይ ሆኖ ብልጭታው ብቻ ነው የሚታየው። የካልካታ ራግቢ ክለብ ሲፈርስ ባንክ የነበረውን የብር ሩፒ አቅልጦ ያሠራው ነው፤ ሦስት እጀታዎቹ እባብ፣ ክዳኑ ላይ ዝሆን። በ1879 መጀመሪያ ሲጫወቱበት አቻ ወጡ። በ1988 ከእራት በኋላ መጠጥ ያነሳሳቸው ሁለት ተጫዋቾች፣ ከየአገሩ አንድ፣ በኤድንብራ ጎዳና እንደ ኳስ ሲጫወቱበት ተጨማደደ። ስኮትላንዱ 6 ወር፣ እንግሊዛዊው አንድ ጨዋታ ታገደ። በቅጣቱ ልዩነት የተነሳው ክርክር እስካሁን አልበረደም።

መውጫው የዚህ ስታዲየም ደካማ ጎን ነው። የትራም ፌርማታው ስታዲየሙ አጠገብ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደዚያው ይጎርፋል። ሲመጡ በትራም ይምጡ፤ ሲመለሱ ወደ ሀይማርኬት ጣቢያ 20 ደቂቃ ያህል በእግር መሄድ ሰልፉን ከመጠበቅ ይፈጥናል። ወደ ግላስጎ የሚሄዱ ግን ጣቢያውም ላይ ሌላ ሰልፍ ስለሚጠብቃቸው የባቡር ትኬታቸውን ዘግየት ላለ ሰዓት ይያዙ።