ደብረ ማርቆስ ያሳተምናቸው ሁለት የግድግዳ ካርታዎች፦ አንድ ወር ካስተማርኩባቸው በኋላ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር አዋጥተን እዚሁ ከተማ አንድ ማተሚያ ቤት ሁለት ትልልቅ ካርታዎች አሠራን። አንዱ ዓለም በ1914፣ ሌላው በ1923 ምን እንደምትመስል ያሳያል፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ባነር ላይ ነው የታተሙት። እያንዳንዳቸው ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ናቸው። "ይረባሉ ወይ?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ መምህራን ስላላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ባነሩ ወፍራም ነው። አራቱም ማዕዘን ላይ ቀለበት ስላለው በገመድ ይሰቀላል፣ ተጠቅልሎ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ድሮ የነበረን የወረቀት ካርታ የክረምቱን ዝናብና ጭቃ አልቻለም፤ ይሄኛው ረጥቦም በጨርቅ ይጠረጋል። ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ከኋላ ወንበር ድረስ ይነበባል። በዚህ በኩል ቅር የሚለኝ ነገር የለም።

ትልቁ ጥቅሙ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን መስቀሉ ነው። የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት ስለዘጋው የቬርሳይ ውል ለዓመታት በቃል አስተምሬአለሁ፤ ልጆቹ ይጽፋሉ፣ ለፈተና ይሸመድዳሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። አሁን ግን ምንም ሳልናገር "ከግራው ካርታ ላይ ኖሮ ቀኝ ላይ የጠፋ አገር ፈልጉ" አልኳቸው። ተሯሯጡ። ኦስትሪያ ሃንጋሪን አጧት። የኦቶማን መንግሥትን አጡት። ቀኝ ላይ ደግሞ ግራው ላይ የሌሉ ስሞች አገኙ፦ ፖላንድ፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ፊንላንድ፣ ኢስቶኒያ፣ ላትቪያ፣ ሊትዌኒያ። ፖላንድ ከመቶ ዓመት በላይ ከካርታ ጠፍታ እንደተመለሰች ስነግራቸው አንዱ ልጅ "ሕዝቡ ግን እዚያው ነበር አይደል?" አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመማሪያ መጽሐፍ መጥቶልኝ አያውቅም። ሃንጋሪ በ1920 በትሪያኖን ውል ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን ገደማ ማጣቷንም በእጃቸው እየለኩ አዩት። ወደ አፍሪካ ሲወርዱ ደግሞ የጀርመን የነበረው ታንጋኒካ ወደ እንግሊዝ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ወደ ቤልጅግ ሲዞሩ አዩ። ያገሬውን ሰው የጠየቀው አልነበረም።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። መጀመሪያ የታተመው የ1923ቱ ካርታ ቱርክን አበላሽቶ ነበር። ያወጣት ከጦርነቱ በኋላ አሸናፊዎቹ የኦቶማንን መንግሥት በከፋፈሉበት በሴቭር ውል ልክ ነው፤ ኢዝሚር ለብቻ በግሪክ አስተዳደር ሥር፣ ምሥራቁ ለአርመን ተሰጥቶ። ያ ውል በ1920 ተፈረመ እንጂ አልሠራም። የቱርኮቹ መሪ ሙስጠፋ ከማል አልቀበልም ብሎ ተዋጋ፣ አሸነፈ፣ ከዚያ በ1923 ሎዛን ላይ ሌላ ውል ተፈረመ፤ የዛሬዋ ቱርክ የመጣችው ከዚያ ነው። ይሄ ትንሽ ስህተት አይደለም። መሪ የተፈረመን ውል ማፍረስ እንደሚችል የሚያሳየው ዋናው ምሳሌ እሱ ነውና። ስለ ሎዛን ሳስተምር የማልዘለው ሌላም ነገር አለ። በዚያ ስምምነት ከቱርክ ኦርቶዶክሶች ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ እንዲሄዱ ተወስኖ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ከተወለደበት ቀየ ተነቅሏል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ክፍሉ ጸጥ አለ።

ካርታውን ይዤ ተመለስኩ። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት "መምህር፣ እኔ የማትመው ያገኘሁትን ፋይል ነው፤ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ያሳዩኝና አስተካክላለሁ" አሉኝ። አብረን ተቀምጠን አስተካከልን፤ ድጋሚ ሲያትሙም የባነሩን ዋጋ ብቻ ነው ያስከፈሉን። በዚህ አመሰግናቸዋለሁ። ሦስት ቀን ብለው ዘጠኝ ቀን ማቆየታቸው ግን አበሳጭቶኛል፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ ያለ ካርታ አስተማርኩ።

ሁለተኛው ጉድለት የቀን አቆጣጠሩ ነው። ሁሉም በፈረንጅ ብቻ ነው የተጻፈው። ዓድዋን 1896 ብሎ ሲያዩ ልጆቼ ግራ ገባቸው፤ እነሱ የሚያውቁት 1888ን ነው። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችበት ቀንም ሴፕቴምበር 28፣ 1923 ተብሏል። በእኛ ሲቆጠር መስከረም 17 ቀን 1916 ነው፤ የመስቀል ዕለት ማለት ነው! ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ፤ ከእንግዲህ የሚረሳው ያለ አይመስለኝም። በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ አውሮፓ ሲሄዱ የእኛው የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ አብረው ነበሩ። ስታሳትሙ ሁለቱም አቆጣጠር ይግባበት።

ከሁሉ የከነከነኝ ሦስተኛው ነው። ሁለቱም ካርታዎች ላይ ጎጃም ምንም አልሆነችም። የተቀየረ መስመር የለም፣ ቀለሙም ያው ነው። ካርታ የሚያሳየው ድንበር ስለሆነ ያየው ልጅ "እኛን አልነካንም" ብሎ ይሄዳል። ግን ነክቶናል፤ የነካን በውኃችን በኩል ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካረፉ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በእኛ አቆጣጠር ናቸው)፣ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የሱዳንን ድንበር ተዋዋሉ። ሦስተኛው አንቀጽ ስለ ድንበር አይደለም። በዓባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ወንዝ ላይ ውኃው ወደ ናይል እንዳይፈስ የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠራ የሚል ነው። "ማገድ" እና "መጠቀም" አንድ ነው ወይስ ይለያያል የሚለው ክርክር ስንት ዓመት እንደፈጀ ታውቃላችሁ።

በዚህም አላበቃም። ታኅሣሥ 1899 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ለንደን ላይ ተሰብስበው በኢትዮጵያ ውስጥ የማን ጥቅም የት እንደሆነ ተከፋፈሉ። የዓባይ ተፋሰስ በእንግሊዝና በግብፅ ጥቅም ስም ተጻፈ። በ1918 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ጣና ላይ ስለሚሠራ ግድብ ደብዳቤ ተጻጽፈው ለመደጋገፍ ተስማሙ፤ ራስ ተፈሪ ሲሰሙ ለመንግሥታት ማኅበሩ አቤት አሉ። የመስቀል ዕለት የተገኘው አባልነት ጥቅም ላይ የዋለው እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ካርታው ላይ አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም።

እኔ ምን አደረግሁ፣ በማይጠፋ ሰማያዊ ማርከር ከጣና ጀምሬ ጎጃምን እንደ መቀነት የሚዞረውን ዓባይን አወፍሬ ቀባሁት። ጎኑ ላይ ሦስቱን ዓመታት ጻፍኩ፦ 1894፣ 1899፣ 1918። ከደጀን የመጣች ተማሪዬ፣ የዓባይን በረሃ ቁልቁል እያየች ያደገች፣ "ቲቸር፣ ለንደን ተቀምጠው ጣናን ሲከፋፈሉ ባሕር ዳር ያለው ሰው ሰምቷል?" አለችኝ። የሚቀጥለው ሳምንት ትምህርቴን ከዚያ ጥያቄ ነው የምጀምረው።

ለማሳተም ካሰባችሁ አሳትሙ። ለሦስት ሰው ሲካፈል ዋጋው ይቻላል። ግን የታረመውን ፋይል ጠይቁ፣ ከመታተሙ በፊት ቱርክን ራሳችሁ እዩ፣ ዓባይን ወፍራም አድርጉልን በሏቸው፣ የሚረከቡበትንም ቀን በጽሑፍ ያዙ።