ተጠንቀቁ፦ እሁድ ልጅ ትምህርት ቤት ያደረሰችው ኮሮላ

ይህን የምጽፈው ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ነው። ቤት ገብቼ ከበረደልኝ በጨዋነት ስለምጽፈው አሁኑኑ ልጨርሰው።

ደላላውን ታውቁታላችሁ፤ የኔው ባይሆን የናንተው አለ። «ባለቤቷ ሐኪም ናት፣ ከቤት ሆስፒታል ብቻ ነው የነዳቻት፣ ገጭ የለባትም፣ ሞተር አልወረደም፣ ቤንዚን ጨምሮ መንዳት ነው።» ሐኪሟን እስከ ዛሬ በዓይኔ አላየኋትም። ውክልና ይዞ የመጣው «ወንድሟ» ነው።

መኪናዋ በፈረንጅ የ2003 ስሪት ኮሮላ ናት፣ 1.4 ቤንዚን፣ ከአውሮፓ የገባች፣ ኮድ 2። 1 ሚሊዮን 780 ሺህ ብር። ግማሹ እቁብ፣ ግማሹ የእህቴ ብድር። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌው ሁሉ ወርቅ ሆኗል፤ «ነገ አታገኛትም» ሲለኝ አመንኩት።

አሁን ወደዚያች ቀን ልመልሳችሁ። ሌሊት ሌሊት እየመጣች እንቅልፍ የነሳችኝ እሷ ናት።

ገርጂ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል። መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ተቀብቶ ቆማለች። አዋቂ ለመምሰል እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍኩ። ትኩስ ነው፤ እንጀራ የወጣለት ምጣድ በሉት። «ሞቃለችሳ?» አልኩ። ወንድምየው ዓይኑን እንኳ ሳይሰብር፣ «ልጆች ትምህርት ቤት አድርሼ መምጣቴ ነው» አለኝ። እኔም «እሺ፣ ጎበዝ» አልኩት።

ቀኑ እሁድ ነበር።

እሁድ! ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኮ ነው የሄድኩት፤ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ባለቤቴ ማታ ስነግራት አፏን በእጇ ይዛ «ሰንበት ትምህርት ቤት ይሆናላ!» ብላ እስኪያልባት ሳቀች። ይኸው እስካሁን ትስቃለች።

ቀጥሎ ደላላው «መካኒክ ይያት፣ እኔ ገለልተኛ ሰው አለኝ» አለ። ደላላ የሚያመጣው ገለልተኛ ሰው! እሁድ ዝግ የሆነውን ጋራዥ «ላንተ ብሎ ነው የከፈተው» ሲለኝ ደግሞ አመስግኜ 500 ብር ለሻይ ሰጠሁ። መካኒኩ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ መዘዘ፣ በጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከትቶ መዘዘና አፍንጫዬ ሥር አምጥቶ «ጋሼ፣ ተመልከት፣ ማር ነው» አለኝ። እውነትም ማር ነበር። ዘንጉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አልወርድም አለ። እኔ ጥራቱ መሰለኝ። ጭሱን እንዲይዝላቸው የወፈረ ማጠናከሪያ ጨምረውበት መሆኑን አሁን ነው የተማርኩት።

ማክሰኞ ውልና ማስረጃ ገብተን ፈረምኩ። «አይቼና ፈትሼ ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለዋን መስመር አንብቤ ነው የፈረምኩት።

ረቡዕ ጠዋት ቀዝቅዛ ያደረችውን ሞተር ሳስነሳ ግቢው በሰማያዊ ጭስ ተሞላ። ጎረቤቴ እማማ «ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ በመኪና ነው እንዴ የምታጥነው?» አሉኝ። በአስራ አንደኛው ቀን ከአዳማ ስመለስ ቱሉ ዲምቱ ክፍያው ጋ ፍሬን ስይዝ ቀዩ የዘይት መብራት ብልጭ አለ። ዘንጉን ስመዘው ደረቅ። በ600 ኪሎ ሜትር ከሁለት ሊትር በላይ ጠጥታለች።

የኔ መካኒክ (ከመጀመሪያው እሱ ጋ መውሰድ ነበረብኝ፣ «ሰው አላስቸግርም» ብዬ ነው) ገና ሳይነካት ሳቀ። የዚህ ዓይነቷ፣ «ዜድ ዜድ» የሚሏት የቶዮታ ሞተር እስከ 2005 አካባቢ ድረስ የተሠራችው በሽታዋ የታወቀ ነው አለኝ። ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ትንንሽ ናቸው፤ በጥላሸት ሲደፈኑ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል፣ ዘይቱ ሽቅብ ወጥቶ ይቃጠላል። ቶዮታም ኋላ ላይ ፒስተኑን ቀይሮታል። ከዚያ ቁልፉን ከፈተና «የሞተር መብራቷ የት አለች?» አለኝ። ሞተሩ ሳይነሳ መብራቶቹ ሁሉ መብራት አለባቸው፤ የሷ ቦታ ጨለማ ነው። ዳሽቦርዱን ፈታው። ጥፍር የምታክል ጥቁር ናስትሮ፣ በጥንቃቄ በምላጭ ተቆርጣ፣ ልክ መብራቷ ላይ ተለጥፋለች። ሲልጣት ቢጫዋ ወገግ ብላ በራች።

ሒሳቡ ይኸው። ፒስተንና ፋሻ 52 ሺህ፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ መጋጠሚያ ማሸጊያ) ከቫልቭ ጎማው ጋር 18 ሺህ፣ ብሮንዚና (ክራንኩ የሚዞርበት ማረፊያ) 14 ሺህ፣ ቶርኖ ቤት 15 ሺህ፣ የእጅ 40 ሺህ፣ በተቃጠለው ዘይት የተበላሸው የኦክስጅን ሴንሰር 9 ሺህ። 148 ሺህ ብር፣ ያውም ሲከፈት ሌላ ካልተገኘ። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር 230 ሺህ ብለውኛል፤ እሱን ካስገባሁ ደግሞ ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥር ማስቀየር አለ።

ወንድምየው ስልክ አያነሳም። ያ «ገለልተኛ» መካኒክ ጋ ሄድኩ፤ ቀና ብሎም ሳያየኝ «የትኛዋ ኮሮላ?» አለኝ፣ ጥፍሩን በካቻቢቴ እያጸዳ። አብሮት ያለው ልጅ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ደላላው ግን አነሳ፤ ሲያባብለኝ ቆየና «አትጨነቅ ወንድሜ፣ ገዢ አለኝ። ጠዋት አሙቀህ ብቻ አምጣት» አለኝ። ኮሚሽኑን በልቶ ሌላ ኮሚሽን!

ጠበቃ ጓደኛዬ የተደበቀ ጉድለት ከሆነ ሻጩ ይጠየቃል፣ ግን እንዳወቅክ ወዲያው በጽሑፍ አሳውቀው ብሎኛል። ዛሬ እጽፋለሁ።

ለናንተ፦ ሞተሯ ቀዝቅዛ ካላደረች አትዩአት፣ መካኒኩን ራሳችሁ ውሰዱ፣ ቁልፍ ሲከፈት ያልበራ መብራት ካለ ቀብዳችሁን ኪሳችሁ አድርጋችሁ ሂዱ። ያው ደላላ ዛሬ ጠዋት ነጭ ቪትዝ ለገበያ አውጥቷል። የአስተማሪ መኪና ናት ይላል።