ኤስቲሲ-1000 በእንጨት ማሞቂያ ሳጥን ላይ፦ ከወራት በኋላ የማየው

ፍርዴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ኤስቲሲ-1000 የሚባለው ትንሹ ዲጂታል ቴርሞስታት ነቀዝ ለመግደል እንጨት ለሚሞቅበት ቤት ሠራሽ ሳጥን ይበቃል። ይበቃል ስል ግን የአየሩን ሙቀት ይጠብቃል ማለቴ ነው። ስለ እንጨቱ ውስጥ የሚያውቀው ነገር የለም። ይህችን ልዩነት ያልያዘ ሰው የፈለገውን ያህል ውድ መቆጣጠሪያ ቢገዛ፣ ነቀዙ ከጣውላው ጋር ሞቅ ብሎት ይወጣል እንጂ አይሞትም።

ሥራዬ በርጩማና መክተፊያ መሥራት ነው፤ እዚሁ አዲስ አበባ። በብዛት የምሠራው በዋንዛና በግራቪሊያ ነው። ነቀዝ በተለይ ነጩን የውጭ ክፍል ይወደዋል። ዕቃው ተሽጦ ደንበኛ ቤት ከገባ በኋላ ሥሩ ላይ ዱቄት ማራገፍ ይጀምራል። ከዚያ ስልክ ይደወላል። መድኃኒት መርጨት ይቻላል፤ ግን ሽንኩርት የሚከተፍበት እንጨት ላይ መርዝ መርጨት አልወድም። የቀረው ሙቀት ነው።

ልኩ የታወቀ ነው። ለእንጨት ማሸጊያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ አይኤስፒኤም 15 የሚባለው፣ የእንጨቱ መሃል 56 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲቆይ ይጠይቃል። እኔም የምከተለው ይህንኑ ነው።

ሳጥኑ ተራ ነገር ነው። የእንጨት ፍሬም፣ ውስጡ ላሜራ፣ መሃሉ ፎም። ማሞቂያው 2 ኪሎዋት ሬዚስታንስ ሲሆን ፊት ለፊቱ ቬንትሌተር አለ። ቬንትሌተሩን ከቴርሞስታቱ ጋር አላያያዝኩትም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሽከረከራል። አየሩ ካልተንቀሳቀሰ ሙቀቱ በሙሉ ጣሪያው ሥር ይሰበሰብና ታች ያለው ጣውላ ባለበት ይቀራል።

ወደ ዕቃው ልግባ። አሞላሉ ቀላል ነው። ኤስ የምትለዋን ቁልፍ 3 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው፤ አራት ነገር ይመጣል። ኤፍ1 የምትፈልጉት ሙቀት ነው። ኤፍ2 ልዩነቱ ነው። ኤፍ3 ለፍሪጅ ኮምፕረሰር የታሰበ ስለሆነ እለፉት። ኤፍ4 ማስተካከያው ነው፤ እሱ ላይ እመለሳለሁ። እኔ ኤፍ1ን 68፣ ኤፍ2ን 2 አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ማሞቂያው 66 ላይ ይበራል፣ 68 ላይ ይጠፋል። ሬዚስታንሱ ከጠፋ በኋላም የያዘው ትኩሳት ስላለ አየሩ ትንሽ አልፎ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ከፍ ያላደረግኩት በፎሙ ምክንያት ነው፤ ወደ 80 ሲጠጋ መልፈስፈስ ይጀምራል።

ፒአይዲ የሚባለውን የተሻለ መቆጣጠሪያ ለምን አልገዛህም የሚሉኝ አሉ። ሙቀቱን አንድ መስመር ላይ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ አልክድም። ግን 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዋንዛ ውጭ ያለው አየር በሁለት ዲግሪ ቢወዛወዝ ምን ገዶት? አይሰማውም። ለዚህ ሥራ ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ለሁለተኛ ቴርሞሜትር አውጡት።

አሁን ወደ ኤፍ4። ብዙ ሰው ሴንሰሩን፣ ማለትም በገመዱ ጫፍ ያለውን ሙቀት ለኪ፣ የሚፈትነው ውሃ አፍልቶ ነው፤ ስክሪኑን 100 እስኪል ያስተካክለዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህን እንዳታደርጉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 ብሎ ያስተካከለ ሰው 8 ዲግሪ ያህል አስበልጦ የሚዋሽ ቴርሞስታት ሠራ ማለት ነው። ስክሪኑ 56 ሲል እውነቱ 48 ነው። እኔ በደቀቀ በረዶና በትንሽ ውሃ ነው የለካሁት። ሴንሰሩን ብርጭቆው መሃል አስገብቼ እያማሰልኩ ጠበቅኩ፤ ዜሮ ማለት ሲገባው ከዜሮ በታች 1.5 ላይ ቆመ። ኤፍ4 ላይ 1.5 ጨመርኩ፣ አለቀ። ከወራት በኋላ ደግሜ ስፈትነው ብዙም አልተነቃነቀም። ለዋጋው ጨዋ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ሁለተኛው ቴርሞሜትር ነው። ከጣውላዎቹ ሁሉ ወፍራሙን እመርጣለሁ። ከጎኑ በቀጭን መሰርሰሪያ እስከ መሃሉ ድረስ እበሳዋለሁ፣ የቴርሞሜትሩን ዘንግ እስከ ጫፍ እከተዋለሁ፣ ቀዳዳውን ዙሪያውን በስቱኮ እደፍነዋለሁ። ካልተደፈነ ሙቅ አየር በስንጥቁ ገብቶ ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ኤስቲሲው 68 ላይ ተረጋግቶ ቁጭ ሲል፣ የዋንዛው መሃል ገና 40 እንኳ አለመድረሱ የተለመደ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ወፍራም ጣውላ ሰዓታት ይፈልጋል። 30 ደቂቃዋን መቁጠር የምጀምረው የእንጨቱ ቁጥር 56ን ሲያልፍ ነው፤ የአየሩን ቁጥር ለዚህ አላየውም።

ሌላ ያስተዋልኩት የውሃ ነገር ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ደረቅ ከሆነ እርጥብ እንጨት አልሞቅም ብሎ ያስቸግራል። ከላዩ የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ኮዳ ፀሐይ ላይ ውሎ ውሃው እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ሬዚስታንሱ አጠገብ ሰፊ ትሪ ውሃ ሳስቀምጥ የመሃሉ ቁጥር ቶሎ ቶሎ መውጣት ጀመረ፤ ጫፍ ጫፉ ላይ የሚታየው መሰንጠቅም ቀነሰ። በነገራችን ላይ ይህ ሥራ ማድረቅ አይደለም። ነቀዙ የሞተለት ጣውላ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ለማድረቅ የራሱን ጊዜ ስጡት።

መብራት ሲሄድ ምን ይሆናል? ቅንብሩ አይጠፋም። መብራት ሲመጣ ካቆመበት በራሱ ይቀጥላል። የተሞላ ሳጥን በሩ ካልተከፈተ ቶሎ አይበርድም፤ ስለዚህ ለአጭር መጥፋት አልጨነቅም። የእንጨቱ ቁጥር ከ56 በታች ከወረደ ግን ቆጠራው ከዜሮ ይጀመራል። በራሱ መነሳቱ ምቾት ቢሆንም ሰው በሌለበት የሚነሳ ማሞቂያ አልወድም። ሳጥኑን ትቼ ከግቢ አልወጣም።

አሁን ቅር ወዳለኝ ነገር። ዕቃው ላይ 10 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። 2 ኪሎዋት በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይስባል። ወረቀት ላይ ይችለዋል፤ እኔ ግን ይህን ያህል አፋፍ ላይ የሚሠራ ትንሽ ሬሌ፣ ማለትም ቴርሞስታቱ ውስጥ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ አላምንም። ሬሌ ሲሞት ብዙ ጊዜ ተጣብቆ ነው የሚሞተው፤ ማሞቂያው እንደበራ ይቀራል። ስለዚህ ቴርሞስታቱ የሚያዘው ኮንታክተር የሚባለውን ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፣ ሸክሙን የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። ኮንታክተርም ይጣበቃል። ለዚህ ደግሞ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ የቦይለር መከላከያ ቴርሞስታት ገዝቼ፣ ከማሞቂያው ከራሱ መስመር ጋር በተከታታይ አስገባሁት። ኮንታክተሩን በሚያዘው ቀጭን መስመር ላይ ብታስገቡት ኮንታክተሩ በተጣበቀ ቀን ምንም አይሠራም። ይህን ክፍል ኤሌክትሪሺያን ይሥራው፤ ላሜራውንም ኧርዝ ያድርግላችሁ።

ሴንሰሩ ላይም ንቁ። ገመዱ ቢበጠስ ችግር የለም፤ ስክሪኑ ኢኢ ብሎ ይጮሃል፣ ማሞቂያውንም ያጠፋል። የሚያስፈራው ሳይበጠስ ከቦታው ሲወጣ ነው። በሩ ሥር ወይም ውጭ ወድቆ ቀዝቃዛ አየር እያነበበ ከተቀመጠ ቴርሞስታቱ ሳጥኑ ገና አልሞቀም ብሎ ማሞቂያውን ያለማቋረጥ ያነድዳል። እኔ ከሬዚስታንሱ ራቅ አድርጌ፣ አየሩ እንጨቱን አልፎ በሚመለስበት በኩል፣ በቆርቆሮ ማቀፊያ በብሎን አስሬዋለሁ። ገመዱ አጭር ነው፤ በተራ ሽቦ ሊቀጠል ይችላል። የእኔው ሙቀቱ አድርቆት መተጣጠፍ እያቃተው ስለሆነ በቅርቡ እለውጠዋለሁ።

ፓሌት ለሚሠሩም አንድ ነገር። በእንዲህ ያለ ሳጥን የሞቀ እንጨት ላይ የስንዴ ዘለላ ምልክት ያለበትን የአይኤስፒኤም ማህተም መምታት አይቻልም። ማህተሙ የሚሰጠው የአገሪቱ የዕፅዋት ጥበቃ አካል ፈቃድ ለሰጠው ሠራተኛ ነው። ይህ ሳጥን ለራሳችን በርጩማ ነው።

ልትገዙ ከሆነ ጀርባውን አገላብጣችሁ እዩት። ይህ ሞዴል በ220፣ በ110 እና በ12 ቮልት ይመጣል፤ ፊቱ አንድ ዓይነት ነው። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ሶኬት ላይ አስሰኩትና ሴንሰሩን በመዳፋችሁ ጨብጡት። ቁጥሩ ወዲያው መውጣት አለበት። ከወጣ ሂሳቡን ክፈሉ።