«ካርዱ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ቅርንጫፎቻችሁን በቪፒኤን (በኢንተርኔት በሚያልፍ የግል ኔትወርክ) የሚያገናኝ የሊኑክስ ራውተር ልትገዙ ካሰባችሁ ይቺን አንብቡ። የሻጩን ስም አልጠራም። ዘዴው ግን የአንድ ሰው ብቻ አይመስለኝም።

የምሠራበት ድርጅት መርካቶ ሱቅ፣ ቃሊቲ መጋዘን፣ አዳማ ደግሞ ቅርንጫፍ አለው። ሦስቱን የሚያገናኙት «ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶላቸዋል» ተብለው የተገዙ ሳጥኖች ናቸው። ኦፕንቪፒኤን የሚባለው ሶፍትዌር ቱነሉን፣ ማለትም በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፈውን የግል መስመር ይሠራል። ኦኤስፒኤፍ የሚባለው መንገድ መራጭ ፕሮቶኮል ደግሞ አንዱ መስመር ሲሞት ትራፊኩን በሌላው ያዞራል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጣጣው መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ነው። ኢንተርኔት አለ፣ ቱነሉም ተነስቷል፣ የመጋዘኑ ስቶክ ግን ከሱቁ አይታይም። ቴክኒሻኑ ይጠራል። ላፕቶፑን ሰክቶ የሆነ ነገር ይጽፋል፣ ይሠራል፣ ሂሳቡን ይቀበላል። ሲደጋገም «የኔትወርክ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ትልቁን ሞዴል ግዙ» አለ።

ካርዱ ቢቃጠል ኖሮ ቱነሉ ራሱ አይነሳም ነበር። ማዶ ያለው የቱነል አድራሻ ግን ፒንግ ሲደረግ ይመልሳል!

የሆነው ይሄ ነው። መብራት ሲመጣ ሳጥኑ ቶሎ ይነሳል፣ ሞደሙ ይዘገያል። ስለዚህ የራውቲንግ ዴመኑ (ኦኤስፒኤፍን ከጀርባ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ሥራ ሲጀምር ቱነሉ ገና አልተፈጠረም። እንደ ቱነሉ ያለ አዲስ ኢንተርፌስ (የኔትወርክ መግቢያና መውጫ) ሲፈጠር ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት፣ ኔትሊንክ በሚባል የውስጥ መልእክት መንገድ ያሳውቃል፣ ዴመኑም ሰምቶ መቀበል ነበረበት። የኛው አልተቀበለም። ቱነሉ ተሰርዞ እንደገና ሲፈጠርም ያው ነው። ስሙ ታን ዜሮ ሆኖ ይመለሳል፣ ከርነሉ የሚሰጠው መለያ ቁጥር ግን ይቀየራል። የድሮውን ቁጥር ይዞ የቀረ ዴመን ጎረቤቱን፣ ማለትም ማዶ ያለውን ራውተር አያገኝም። ያ ሁሉ «ጥገና» እንግዲህ ዴመኑን ሪስታርት ማድረግ ነበር። አንድ መስመር ትእዛዝ።

ውስጡን ስናይ ደግሞ ዴመኑ ኳጋ የሚባል የራውቲንግ ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ። የኳጋ የመጨረሻ ልቀት በፈረንጆቹ 2018 የወጣው 1.2.4 ነው። ከሱ የተገነጠለው ኤፍአርአር ከ2017 ጀምሮ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር ይገኛል፣ በነፃ ነው። ለኛ የተሸጠው «የዘንድሮ ሞዴል» ተብሎ ነው።

ልትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊታችሁ ይሞክረው። ቱነሉን ያጥፋ፣ ያስነሳ፣ ከዚያ ኪቦርዱን አይንካ። ኦኤስፒኤፍ እንዲህ ባለው ቱነል ላይ ቅንብሩ ካልተነካካ በየ10 ሰከንዱ ሄሎ (አለሁ የሚል መልእክት) ይልካል፣ 40 ሰከንድ ድምፁ የጠፋውን ጎረቤት እንደሞተ ይቆጥራል። ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ የጎረቤቱ ሁኔታ «ፉል» (ግንኙነቱ ተሟልቷል) ካላለ አትቀበሉ። ቀጥሎ ሞደሙን ነቅላችሁ ሳጥኑን አስነሱ፣ ሞደሙን በኋላ ሰኩ። የኛው የወደቀው እዚህ ላይ ነው። የሩት (የሙሉ ባለሥልጣን) ፓስወርዱንና የኮንፊግ (የቅንብር) ፋይሉን ኮፒም ተቀበሉ። ሻጩ «ሚስጥር ነው» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

እውነት ለመናገር ጥፋቱ ሁሌ የዴመኑ አይደለም። ቱነሉ በኮንፊጉ ፓሲቭ (ሄሎ የማይላክበት) ተደርጎ ወይም ኤሪያ (የኦኤስፒኤፍ ክልል) ውስጥ ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ «ኤክስስታርት» በሚባለው መጀመሪያ ደረጃ ላይ ተገትሮ ከቀረ የሁለቱን ወገን ኤምቲዩ (በአንድ ጊዜ የሚላከውን ፓኬት ትልቁን መጠን) አስተያዩ። እነዚህም ቢሆኑ አዲስ ካርድ አያስገዙም።

ትልቁን ሞዴል አልገዛንም። ኤፍአርአር ተጫነ፣ ቱነሉም ከዴመኑ ቀድሞ እንዲፈጠር ተደረገ። የከፈልነውን ለማስመለስ ስንጠይቅ ደረሰኙ ላይ ያለው «አገልግሎት» የሚል ቃል ብቻ ነው። እናንተ ምን እንደተበላሸና ምን እንደተሠራ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።