ማስጠንቀቂያ፦ «ጭስ አልባ» የተባለውን የእንጨት ምድጃ ከመግዛታችሁ በፊት ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ቱቦ እዩ

ጅማ ያላችሁ፣ በተለይ እንጀራ ጋግራችሁ የምታቀርቡና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ሰሞኑን መርካቶና አጂፕ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ የእንጨት ምድጃ ከነጭስ ማውጫው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ምድጃ፣ ቱቦ፣ ማጠፊያና የዝናብ ቆብ አንድ ላይ ይመጣል። ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ትገጥሙታላችሁ፣ ካልሆነ ትንሽ ጨምራችሁ እነሱ ይገጥሙላችኋል። ዋጋው ብረት ቤት ከሚጠየቀው ግማሽ ያህል ስለሆነ ሰው እየተሻማበት ነው።

ምድጃው ራሱ ምንም አይልም። እኔ የምተዳደረው በብረት ሥራ ስለሆነ ብየዳውን አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ በሩ ይገጥማል፣ ላሜራውም ወፍራም ነው። ማጭበርበሩ ያለው ዓይን በማያርፍበት ቦታ ነው።

አክስቴ ለምግብ ቤቶች እንጀራ ታቀርባለች። ሻጩ «ማዘር፣ ጭስ የሚባለውን ነገር ይረሱታል! ቱቦው ንጹሕ ስቴንለስ ነው፣ ያውም ባለ ሁለት ግድግዳ» ብሎ አሳመናት። ገጥሞ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ምጣዱ በሰማ ቁጥር ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸት ጀመር። ብትደውልለት «አዲስ ስለሆነ ነው ማዘር፣ አንድ ወር ይሸታል፣ ከዚያ ይለምዳል» አላት።

ችፑዱን አንስቼ ወደ ላይ ስመለከት ሽታው ከየት እንደመጣ ግልጽ ሆነ። እስከ ኮርኒሱ ድረስ የሚታየው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ) ቱቦ ነው። ከኮርኒሱ በላይ ያለው ደግሞ ብርማ ቀለም የተቀባ ሌላ ቱቦ ነው። በሚስማር ፋቅ ሳደርገው ከቀለሙ ሥር ግራጫ ፕላስቲክ ብቅ አለ። ለሽንት ቤት አየር ማስወጫ የምንጠቀምበት ባለ 4 ኢንች ፒቪሲ! ብረቱ ላይ የተሰካበት ጫፍ እንደ ሻማ ሰም ተልፈስፍሶ ወርዷል፣ ክፍተቱ በሲልከን ተደፍኗል። የጣራው ሞራሌ ከቱቦው የሚርቀው ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። እንጨት በየቀኑ ሲሞቅ ውሎ ሲያድር በአነስተኛ ሙቀትም መቀጣጠል የሚችልበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ ስለዚህ «እስካሁን ምንም አልሆነም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ፒቪሲ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይለሰልሳል። ከእንጨት ምድጃ የሚወጣ ጭስ ግን በቀላሉ ከ200 ዲግሪ ያልፋል። ፕላስቲኩ መቃጠል ሲጀምር የሚለቀው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ጉሮሮና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው። ሻጩ አክስቴን «ይለምዳል» ያላት ሽታ እንግዲህ ይህ ነው።

«ይለምዳል» የሚለው ቃል ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይመስለኝም። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት፣ በገዛችሁ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርላችሁ ወይም ገንዘባችሁ እንዲመለስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንድ ወር ታገሡ የሚል ሻጭ ቀኑን እየቆጠረላችሁ ነው። ደረሰኝ ሲጠየቁም «ነገ እናመጣለን» ነው መልሳቸው።

የታችኛው ቱቦም ቢሆን የተባለው አይደለም። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተበላሸ ስፒከር የወጣው ይበቃል። ለጭስ ማውጫ የሚሆነውን 304 ወይም 316 የተባለውን ስቴንለስ ማግኔት አይዘውም፣ ቢይዘውም በጣም በደካማው ነው። ጥብቅ አድርጎ ከያዘው የተባለው ዕቃ አይደለም። በዓይንም ይለያል፤ ጋልቫናይዝድ ላይ አበባ አበባ የመሰለ ንድፍ ይታያል። ላዩ ላይ ያለው ዚንክ 200 ዲግሪ አካባቢ በቋሚነት ሲሞቅ መላላጥ ይጀምራል፣ 420 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ሥሩ ያለው ቆርቆሮ ደግሞ በጅማ ዝናብ ዕድሜ የለውም። ጋልቫናይዝድ በይዶ የሚያውቅ ባለሙያ ማታ እንደ ወባ ብርድ ብርድ የሚለው ከምን እንደሆነ ያውቃል። ያንን የዚንክ ጭስ ኩሽና ውስጥ የሚፈልገው የለም።

ራሳችሁ ለመግጠም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቱቦው አቀማመጥ ላይ ነው። የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ መግባት አለበት። ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ ተቃራኒው ትክክል ይመስላል፤ ግን ጭሱ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ጥቁር ውኃና ቅጥራን ወደ ታች ነው የሚወርደው። በትክክል ከተገጠመ ወደ ምድጃው ተመልሶ ይቃጠላል፤ በተገላቢጦሽ ከተገጠመ በየመገጣጠሚያው እየወጣ ግድግዳችሁን ያዥጎረጉረዋል። አክስቴ ቤት ግድግዳው ላይ ያለው ጥቁር መስመር ቀለም ቢቀባም አልጠፋም።

ነጠላ (ባለ አንድ ግድግዳ) ቱቦ ከእንጨት፣ ከችፑድና ከመጋረጃ ወደ 45 ሴንቲሜትር መራቅ አለበት። ኮርኒስ ሰንጥቆ እንዲያልፍ ጭራሽ አይፈቀድለትም። በዚያ ቦታ በሁለት ብረት መካከል ሙቀት መከላከያ የተሞላበት ቱቦ ነው የሚያስፈልገው፤ «ባለ ሁለት ግድግዳ» ማለትም ይኸው ነው፣ አንዱን ቱቦ ሌላው ላይ ማልበስ አይደለም። ከምድጃው አፍ የወጣው ቱቦ 6 ኢንች ከሆነ እስከ ጫፉ 6 ኢንች ይሁን፤ ወደ 4 ኢንች ከጠበበ ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። ጫፉም ጣራውን ከሚያቋርጥበት ቦታ ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፤ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ማንኛውም የጣራ ክፍል ደግሞ በ60 ሴንቲሜትር ይብለጥ። እነሱ የገጠሙት ከቆርቆሮው አንድ ክንድ አይሞላም።

የድሮ ቪላ ኖሯችሁ ሳሎን ውስጥ በጡብ የተሠራ የእሳት ማንደጃ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ለእናንተም ሌላ ወሬ ይዘው ይመጣሉ። የብረት ምድጃውን እዚያ ውስጥ ከትተው «የድሮው ጭስ ማውጫ ይበቃዋል» ይላሉ። አይበቃውም። በጡብ የተሠራው መውጫ ለክፍት እሳት ተብሎ ሰፊ ስለሆነ ከተዘጋ ምድጃ የሚወጣው ጥቂት ጭስ መንገድ ላይ ቀዝቅዞ ቅጥራኑን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ያ ቅጥራን አንድ ቀን ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1000 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በውስጡ ከምድጃው አንገት እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ የስቴንለስ ቱቦ መውረድ አለበት፤ የዚህ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከምድጃው አያንስም፣ ርካሽ ሆኖ ከመጣ ጠርጥሩ።

«ጭስ ካላያችሁ አደጋ የለም» የሚለውም ውሸት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚያዝ ሰው ራሱን እንዳመመው ተኝቶ ይቀራል። ክረምት ላይ መስኮት ዘግቶ፣ ፍም ትቶ፣ የቱቦውን መዝጊያ ደግሞ «ሙቀቱ እንዲቆይ» ብሎ መዝጋት የለየለት ሞት መጥራት ነው። ገና ሳይደርቅ የነደደ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅጥራኑን ያባብሰዋል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ጅማ ላይ ደረቅ እንጨት ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ የምታውቁት ነው። ከክረምት በፊት ፈልጣችሁ ከጣራ ሥር ደርድሩት።

በዚህ ሁሉ የእንጨት ምድጃ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ለእንጀራ ብቻ ከሆነ በሲሚንቶና በአሸዋ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ አንጻር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ በእውነት ብዙ ቤት ከዚያ በላይ አያስፈልገውም።

ከነዚህ ሰዎች የገዛችሁ ካላችሁ ለጊዜው እሳት አታንድዱበት። ቱቦውን ከማውረዳችሁ በፊት ከኮርኒስ በላይ ያለውን ክፍል ከሞራሌው ጋር ፎቶ አንሱት፣ ቀለሙንም ትንሽ ፍቃችሁ ፕላስቲኩ ይታይ። ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ልካችሁ ከሆነ መልእክቱን አታጥፉ፤ ደረሰኝ ባይኖርም እሱ ያግዛችኋል። 15 ቀን ካልሞላው ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቋቸው፣ እንቢ ካሉ ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። አክስቴ የከፈለችው ገና አልተመለሰላትም፤ ሻጩ አሁን ስልክ አያነሳም፣ ባለፈው ሳምንት ግን እዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ሲገጥም ታይቷል።